ለልጆች የሚሆን የሐይቅ ዳር እንዴት ይመረጣል?

ሰው ሥራ ብቻ እየሠራ አይኖርም። በሬ እንኳ ሲመሽ ከቀንበር ይፈታል። መሬትም አንዳንድ ዓመት ጦም አድሮ ነው ጉልበቱን የሚመልሰው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ቤተሰብ ጥቂት ቀን ቢያርፍ ለመጪው ሥራ አዲስ ጉልበት ያገኛል።

“ዕረፍትማ ለከተማ ሰው ነው፤ እኛ ምን ቆርጦን?” የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ገበሬም ቢሆን ከቀዬው መውጣቱ አይቀርም። ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል። ሠርግ ተጠርቶ ይሄዳል። ከተማ ገብቶ ሥራ የያዘ ልጅም “ታናናሾቼን ይዛችሁ ኑና እዩ” እያለ ይጠራል። መንገዱ በሐይቅ ዳር ካለፈ ደግሞ ልጆቹ “ውሃ ውስጥ እንግባ” ማለታቸው የታወቀ ነው። ታዲያ የትኛው ውሃ? የትኛው ዳርቻ?

የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው። ባጭሩ ስንናገረው፣ የሐይቅ ዳር በውበቱ አይመረጥም፤ ተጠይቆ ነው የሚመረጥ። ጥያቄዎቹም አራት ናቸው። ውሃው ምን አለበት? ዳርቻው እንዴት ነው? ሌሊቱስ? ኪሳችንስ ይችለዋል? እነዚህን አንድ በአንድ እንመልከት።

ባሕራችን ሐይቅ ነው

በሌላ አገር ብዙ ቤተሰብ ለዕረፍት የሚሄደው ወደ ባሕር ነው። ቀድሞ ከእኛም አገር ወደ ምጽዋ የሚወርዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የእኛ የውሃ ዳር ዕረፍት የሐይቅ ዳር ዕረፍት ነው።

ሐይቅ ደግሞ አላጣንም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሀዋሳ፣ አባያና ጫሞ ተከታትለው ይገኛሉ። በሰሜን በኩል ታላቁ ጣና አለ። ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥና ዙሪያውንም ሐይቆች አሉ። ሁሉም ሐይቅ ይባላሉ። ለልጅ ግን ሁሉም አንድ አይደሉም።

አንደኛ ጥያቄ፦ ውሃው ምን አለበት?

ብዙ ሰው የጠራ ውሃ ሲያይ “ይኼ ንጹሕ ነው” ይላል። የደፈረሰውን ይጸየፋል። ነገር ግን ውሃን በዓይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በሐይቅ ውስጥ ለልጅ የሚያሰጉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው በዓይን የማይታይ ትል ነው። ሁለተኛው አውሬ ነው። ሦስተኛው ጥልቀት ነው።

ከትሉ እንጀምር። ይህ ትል የሚያመጣው በሽታ ቢልሃርዚያ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 በግብፅ አገር አገኘው። በሽታው እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደሚዞር ልብ ብላችሁ አንብቡ።

የታመመ ሰው ውሃ ዳር ይጸዳዳል። ከዓይነ ምድሩ ጋር፣ በአንዳንድ ቆላ ቦታ ደግሞ ከሽንቱ ጋር፣ የትሉ እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ትል በውሃ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። እዚያም ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በብዛት ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው እግሩን ቢነክር ትሉ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። ውሃውን መጠጣትም አያስፈልግም። ልጁ እየሳቀ ሲንቦጫረቅ ትሉ ሥራውን ይሠራል። “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” የሚባለው ተረት ለዚህም ይሆናል።

ልጁ መጀመሪያ ቆዳውን ሊያሳክከው ይችላል፤ ወይም ምንም ላይሰማው ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ሊመጣ ይችላል። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ ጉበት ይጎዳል፤ ሆድ ይነፋል። ልጁ ይከሳል፤ በትምህርቱም ይደክማል። ወላጅ “ይኼ ልጅ ምን ነካው?” ይላል እንጂ ከዓመታት በፊት የዋኘበትን ውሃ አያስታውስም።

ደግነቱ በሽታው መድኃኒት አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል። በልጁ ክብደት ወይም ቁመት ተለክቶ በጤና ባለሙያ ይሰጣል። የቀንድ አውጣዋን ነገር በተመለከተ ደግሞ አገራችን ለዓለም ያስተማረችው አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዐድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። መርምረውም እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን በየወንዙ ዳር ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ መሆኑ ነው እንግዲህ። ይሁንና እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል ማንም በራሱ ፈቃድ ሐይቅ ውስጥ አይጨምረውም።

ቀንድ አውጣዋ የምትወደው የተኛ ወይም በዝግታ የሚሄድ ውሃ ነው። ሣርና ደንገል ያለበት ጥግ ይመቻታል። ስለዚህ ደንገል የበቀለበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት ጸጥ ያለ ጥግ ለልጆች መዋኛ አይሆንም። ጥላውም ጸጥታውም ደስ ቢል አይሆንም።

ሁለተኛው ስጋት አውሬ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። በጉማሬና በውሃው መካከል መቆም እጅግ አደገኛ ነው። አዞ ደግሞ ሳይታይ ነው የሚመጣ። ሦስተኛውን ስጋት፣ ጥልቀትን፣ ከዳርቻው ጋር አብረን እናየዋለን።

ሐይቆቹን እናወዳድር

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ በኩል ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ በስተግራ እናገኘዋለን። ዝዋይ ከተማ ዛሬ ባቱ ትባላለች። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ያላወቀ ሰው አይቶ “ይኼ ጭቃ ውሃ ነው” ብሎ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ቀለሙ የመጣው በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ሐይቅ ነው። ልጆች ይዞ የሚሄድ ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። አሸዋማ ዳርቻም አለው። ይህ ስም ያለው ግን ለሐይቁ እንጂ ወደ እርሱ ለሚገቡ ጅረቶች አይደለም።

የላንጋኖ ውሃ ለመዋኛ ቢሆንም ለመጠጥ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ አለ። ልጅ አዘውትሮ ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋውም። ስለዚህ የሚጠጣ ውሃ ከታወቀ ቦታ መያዝ ያሻል።

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማው ውብ ነው። በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ፣ ወፍ ማየት፣ የበሰለ ዓሣ መብላት ልጅን ያስደስታል። ነገር ግን በሀዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ሦስቱም ጉማሬ አለባቸው። እነዚህን ሐይቆች ከዳር ሆኖ ማየት ወይም በደህና ጀልባ መጎብኘት ይሻላል እንጂ ልጆችን ውሃ ውስጥ መልቀቅ አይገባም።

አባያና ጫሞ አዞ ያለባቸው ናቸው። ጫሞ ዳር አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ “የአዞ ገበያ” ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል።

ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከ250 ሜትር ይበልጣል። ውሃው ጨዋማ ነው። ዳርቻው ላይ ቆዳ የሚልጥ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ሻላና ጎረቤቱ አብያታ ለማየት እንጂ ለልጅ መዋኛ አይደሉም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ዳራቸው ገደላማ ስለሆነ ጥቂት ርምጃ ገብቶ ድንገት የሚጠልቅ ቦታ አላቸው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ዳርቻው እንዴት ነው?

ደህና ሐይቅ መጥፎ ዳርቻ ሊኖረው ይችላል። ለልጅ የሚሆን ዳርቻ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ነው። ይህንን ለማወቅ አዋቂ ሰው አስቀድሞ በትር ይዞ ይግባ። በበትሩ ታቹን እየነካ ይሂድ። ድንገት የሚጎደጉድ፣ ጭቃው እግር የሚይዝ፣ ስለታም ድንጋይ ወይም የተሰበረ ጠርሙስ ያለበት ቦታ ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ዋና የማይችል ልጅ ውሃው ከእምብርቱ በላይ እንዳይደርስ ወሰን ይደረግለት።

የሚጠብቅ ዋናተኛ አለ ወይ? ገመድና ተንሳፋፊ ነገር አለ ወይ? ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። መጸዳጃ ቤትም ይታይ። መጸዳጃ ቤት የሌለበት ዳርቻ ሰው ሁሉ ደንገል ውስጥ የሚጸዳዳበት ነው ማለት ነው። የትሉን አዙሪት አንብበናል። እዚህ ላይ እንግዳውም ኃላፊነት አለበት። ልጁን ደንገል ውስጥ አስቀምጦ የሚሄድ ወላጅ ለነገው እንግዳ ልጅ በሽታ ትቶ መሄዱ ነው።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ሌሊቱስ?

ቀኑን በደስታ ያሳለፈ ቤተሰብ በሌሊት ሊጎዳ ይችላል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ወባ አለ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በተለይ ከደጋ የመጣ ልጅ ሰውነቱ ወባን አያውቀውም፤ ስለዚህ ቶሎ ይጸናበታል።

ማደሪያ ስትመርጡ አልጋው ለስላሳ መሆኑን ሳይሆን አጎበር መኖሩን ጠይቁ። ቤታችሁ አጎበር ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሲመሽ ለልጆች እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሱ። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመኸር በኋላ፣ በጥር ወር፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት በሚዘጋበት ሰሞን መሄድ ለሥራም ለጤናም ይመቻል። ይሁን እንጂ በጥርም ቢሆን አጎበሩ አይቀርም። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ቢያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ውሰዱት። የት ሰንብቶ እንደመጣም ለጤና ሠራተኛዋ ንገሩ።

አራተኛ ጥያቄ፦ ኪሳችንስ ይችለዋል?

ለዕረፍት ብሎ ዘር መሸጥ ወይም አራጣ መበደር ዕረፍት አይደለም። እዚህ ላይ የተማራችሁት ጽሕፈት ይጠቅማል። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አምስት ነገር ከላይ ወደ ታች ጻፉ፦ መሳፈሪያ፣ መግቢያ፣ ማደሪያ፣ ምግብና ውሃ፣ መጠባበቂያ። በየአጠገቡ ዋጋውን ጠይቃችሁ ሙሉ። ከዚያ ደምሩ። መጠባበቂያ ማለት ልጅ ቢታመም ለሕክምናና ለመመለሻ የሚሆን፣ የማይነካ ገንዘብ ነው። ድምሩ ከአቅም በላይ ከሆነ ማደሩን ትታችሁ ውላችሁ ተመለሱ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ከቤት ከተያዘ ወጪው ይቀንሳል።

ስልክ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት ደውሎ ይጠይቅ። አንድ አባወራ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ደወለ እንበል።

አባወራው፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ሦስት ልጆች ይዘን ልንመጣ ነው። ውሃችሁ ቢልሃርዚያ አለበት?

ሠራተኛው፦ የለበትም፣ አባቴ። ይምጡ ብቻ፤ ደስ ይልዎታል።

አባወራው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ልጅ ስንት ርምጃ ሲገባ ነው ውሃው ደረቱ የሚደርስ?

ሠራተኛው፦ እሱን እንኳ ለክተነው አናውቅም።

አባወራው፦ ውሃ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ዋናተኛስ?

ሠራተኛው፦ ቅዳሜና እሑድ አለ። በሌላው ቀን የለም።

አባወራው፦ እንግዲያው የምንመጣው ቅዳሜ ነው። አጎበር በየአልጋው አለ?

ሠራተኛው፦ ለሁለት አልጋ አለ።

አባወራው፦ ሦስተኛውን ይዘን እንመጣለን። ጥልቀቱንም ስደርስ በበትር እለካዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

አያችሁ? “ይምጡ ብቻ” ያለው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም። ገበያ ፈላጊ ነው። አባወራው ጥያቄውን ባይጽፍ ኖሮ በመጀመሪያው መልስ ረክቶ ስልኩን ይዘጋ ነበር። ደግሞም አንድ ሰው “የለበትም” ስላለ ብቻ አይታመንም። የአካባቢውን ጤና ጣቢያ መጠየቅም ይገባል።

ከደረሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ። “መዋኘት ክልክል ነው”፣ “ጥልቅ ውሃ”፣ “አዞ አለ” የሚሉ ጽሑፎች በከንቱ አልተጻፉም። ድሮ ባነበበ ሰው አፍ ነበር የምትሰሙት። ዛሬ ራሳችሁ አንብባችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ከዚያ ጠባቂ ሰይሙ። “ሁላችንም እያየናቸው ነው” ከተባለ ማንም አያያቸውም ማለት ነው። አንድ አዋቂ በስም ተሰይሞ፣ ሳይጠጣ፣ ስልክ ሳይነካካ፣ ልጆቹን ብቻ ይመልከት። ሲደክመው “አሁን አንቺ ተቀበይኝ” ብሎ ያስረክብ። ትንሽ ልጅ በክንድ ርቀት ላይ ይሁን። የሚሰምጥ ልጅ ይጮኻል ብላችሁ አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ ውሃው አፉን ስለሚዘጋው ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው። ጥቂት ደቂቃም ይበቃዋል። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ካለ ልጆች ከውሃ ይውጡ።

አንድ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ረጅም ገመድ እሰሩበት። ይህ ሲጣል የሚንሳፈፍ መያዣ ነው። ሰው ሲሰምጥ ዋና የማያውቅ ሰው ዘሎ አይግባ፤ አንድ የነበረው ሟች ሁለት ይሆናል። ጀሪካኑን ይወርውር፣ ወይም በትር ያቀብል፣ እየጮኸም ሰው ይጥራ።

ከውሃ የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ጊዜ ማባከን ነው። በጀርባው አስተኙት። አገጩን ቀና አድርጉ። አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። አሁንም ካልተነፈሰና ካልተንቀሳቀሰ የደረቱን መካከል በእጅ 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ፤ ከዚያ ሁለት ትንፋሽ ስጡ። እርዳታ እስኪመጣ ይህንኑ ደጋግሙ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት አይመለስ።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፤ እርምጃውን ታያላችሁ፤ የወጣበትን ቤት ትጠይቃላችሁ። ለሐይቅ ዳር ሲሆን ጥያቄው ሊበዛ ይገባል፤ እዚያ የሚገባው ልጃችሁ ነውና። አራቱ ጥያቄዎች በደህና ከተመለሱ ልጆቹ በአሸዋው ላይ ይሩጡ፤ በውሃውም ይንቦጫረቁ። እናንተም ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን ንከሩ።

መልመጃ

1. የጠራ ውሃ ሁሉ ለልጅ ደህና ያልሆነው ለምንድን ነው?
2. የቢልሃርዚያ ትል ከሰው ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እስኪገባ ድረስ ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ጻፉ።
3. ላንጋኖ ለመዋኘት የሚመረጠው፣ ለመጠጥ ግን የማይሆነው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ልጆች የሚዋኙበት ወንዝ ወይም ኩሬ አለ? በአራቱ ጥያቄዎች መርምሩትና መልሱን በጤና ኬላ ሠራተኛዋ ፊት አንብቡ።
5. ለአንድ ቀን መንገድ የሚያስፈልጋችሁን ወጪ በአምስት መስመር ጽፋችሁ ደምሩ።